ራጅ አንሺዋ ወደ በረዶው ስትዘጋጅ

ከምሳ በኋላ ነበር። ራጅ አንሺዋ የክፍሏን በር ከፈት አድርጋ «ቀጣይ!» ብላ ተጣራች። ኮሪደሩ ላይ ያለው ረጅሙ አግዳሚ ወንበር ባዶውን ነው፤ አንድ ሰው እንኳ የለበትም። እሷ ግን በሩን ከመክፈቷ በፊት ሰው ሲያስል በጆሮዋ ሰምታለች። ሁለቴ አጠር አጠር አድርጎ አሳለና ሦስተኛውን በመዳፉ አፈነው። ሠላሳ አንድ ዓመት የታመመ ደረት ስታነሳ የኖረች ሴት ሳልን ከሳል ትለያለች። ይሄኛውን ደግሞ ከሁሉም በላይ ታውቀዋለች። የታናሽ ወንድሟ ነው። ታናሽ ወንድሟ ከሞተ ሃያ ሦስት ዓመት አልፎታል።

በሩን ቀስ ብላ ዘጋችው። ወደ በረዶ አገር ለሚሄደው የመርከብ ጉዞ ከተመዘገበች ገና ሦስተኛ ቀኗ ነበር።

ሆስፒታሉ ውስጥ በስሟ የሚጠራት የለም። ቀኑን ሙሉ «ትንፋሽ ይሳቡ፣ ያዙ፣ እንዳይንቀሳቀሱ፣ አሁን ይተንፍሱ» ስትል ስለምትውል እትዬ ያዙ ብለዋታል። አንድ ቀን ከካፍቴሪያው ሰልፍ መሃል ለአስቸኳይ በሽተኛ ተጠርታ ስትሮጥ፣ የካርድ ክፍሉ ሠራተኛ ጉንጩን ነፍቶ «ኧረ እትዬ ያዙ! ተንፍሱ ሳይሉን የት ይሄዳሉ!» ብሎ ጮኸ፤ ሰልፉ ሁሉ በሳቅ ፈረሰ። እሷም እየሮጠች ሳቀች። ሰው የሚያውቃት እንዲህ ነው፤ ሥራዋን አክባሪ፣ ቀልድ የማይከብዳት፣ ስለ ራሷ ግን ብዙ የማታወራ።

አምሳ ስምንት ዓመቷ ነው። አላገባችም። ከሰማንያ አራት ዓመት እናቷ ጋር ሦስተኛ ፎቅ ላይ ባለች ሁለት ክፍል ቤት ትኖራለች። ፎቶ ማንሳት የጀመረችው ዘግይታ ነው። የሠርግ ፎቶ አንሺ የነበረ ጎረቤት ሱቁን ሲዘጋ ካሜራውንና ረጅሙን ሌንስ ገዛችው፤ ከዚያ ወዲያ በእረፍት ሰዓቷ የሆስፒታሉ ጣሪያ ላይ ወጥታ ውሃ ማጠራቀሚያው ላይ የሚያርፉትን ወፎች ማንሳት ሥራዋ ሆነ። ስለዚህ «በመርከብ ወደ በረዶ አገር ልሄድ ነው፤ በረዶና የባሕር ወፍ ላነሳ» ስትል ብዙም የደነቀው ሰው አልነበረም። አብራት የምትሠራው ወጣቷ ራጅ አንሺ ብቻ «እትዬ፣ በረዶ ለማየት ፍሪጅ መክፈት አይቀልም?» አለቻት።

ለማንም ያልነገረችው ሌላ ነው። የጉዞው መግለጫ አራተኛ ገጽ ላይ መርከቧ የምትደርስባቸው ቦታዎች ተዘርዝረዋል። ከነዚያ መሃል የአንዲት ደሴት ስም አለ፤ ከጎኑ «የድሮ ዓሣ ማጥመጃ ጣቢያና የመርከበኞች መቃብር» ይላል። ያው የደሴት ስም እናቷ ሣጥን ውስጥ፣ በነጠላ ተጠቅልሎ በተቀመጠ ደብዳቤ ላይም ተጽፏል። ወንድሟ የተቀበረው እዚያ ነው።

ወንድሟ በስድስት ዓመት ያንሳታል። መካኒክ ነበር፤ እጁን በምንም ቢታጠብ የጥፍሩ ሥር ጥቁር የማይለቀው፣ ሲስቅ አንገቱን ወደ ኋላ የሚጥል። ሠላሳ ዓመት ሊሞላው ጥቂት ሲቀረው አንድ የጭነት መርከብ ድርጅት ለሞተር ክፍሉ ሰው ፈለገና ተመረጠ። የቀረው የጤና ምርመራ ብቻ ነበር፤ ለዚያ ደግሞ የደረት ራጅ ያስፈልጋል። «እህቴ እያለች ሌላ ሰው ደረቴን አያይም» ብሎ እየቀለደ መጣ።

ራሷ አነሳችው። ራሷ ጨለማ ክፍል ገብታ ፊልሙን አጠበችው። መብራቱ ላይ ስትሰቅለው በቀኝ ሳንባው ጫፍ ላይ የአውራ ጣት ጥፍር የምታክል ጥላ አየች።

«ምንድነው?» አላት ከኋላዋ ቆሞ።

«ሐኪም ነው ማየት ያለበት።»

«አንቺ ምን ትያለሽ?»

«እኔማ የሳንባ ነቀርሳ ነው የምለው። ይድናል፤ ግን ስድስት ወር መድኃኒት ትውጣለህ።»

«መርከቧ እኮ በሁለት ሳምንት ውስጥ ትነሳለች።»

«ትነሳ።»

አልተከራከራትም። ቢከራከራት ይሻላት ነበር። በማግስቱ መጥቶ አግዳሚ ወንበሩ ላይ ተቀመጠ፤ ሰው እስኪያልቅ ጠብቆ ምንም ሳይል ሄደ። በሦስተኛው ቀንም መጣ። ሁለቴ ያስልና ሦስተኛውን በመዳፉ ያፍናል፤ ሰው እንዳይሰማበት። የዚያን ቀን ማለዳ አንድ አናጢ አንስታ ነበር፤ የፊልሙ ቁጥር ስላልወጣላት ደግማ አንስታው የመጀመሪያው ፊልም ሳይጣል ጠረጴዛዋ ላይ ቀርቷል። ጥርት ያለ የጤነኛ ሰው ሳንባ። አነሳችው። ፖስታ ውስጥ ከተተችው። ፖስታው ላይ የወንድሟን ስም ጻፈች።

ፋርማሲ ከምትሠራ ጓደኛዋ የሁለት ወር መድኃኒት ለምና ሰጠችው፤ ሌላውን የመጀመሪያው ወደብ ላይ ሐኪም ዘንድ ቀርቦ እንደሚወስድ አስማለችው። ማለላት። ከመሬት አንስቶ አሽከረከራት። ከአምስት ወር በኋላ ደብዳቤው መጣ። ሳንባው ታሞ፣ መርከቧ በበረዶ ተይዛ ወደብ መድረስ ስላልቻለች፣ በአቅራቢያው ባለች ደሴት ላይ ተቀብሯል ይላል። ጓዙን በትንሽ ሻንጣ ላኩት። ከልብሶቹ መሃል የሰጠችው መድኃኒት ነበር፤ ከግማሽ በላዩ አልተነካም።

እናትየው መርከቡንና ካፒቴኑን ረገመች። «ብርድ ውስጥ ከትተው ልጄን ገደሉት» እያለች ለመጣው ለቀስተኛ ሁሉ ተናገረች። ልጅቷ ዝም አለች። ዝምታው መጀመሪያ ለእናቷ ማዘን መሰላት። ከዓመት በኋላ ፍርሃት ሆነ። ከዚያ በኋላ ስም አልነበረውም፤ ቤት ውስጥ አብሯቸው እንደሚኖር አንድ ሰው ሆነ።

አናጢውን አልፎ አልፎ ታክሲ መያዣው ጋ ታገኘዋለች። ሸብቷል፤ የልጅ ልጅ እጅ ይዞ ይሄዳል። «እንዴት ነሽ እህቴ፣ ሥራ እንዴት ነው?» ይላታል ሞቅ አድርጎ። ወንድሟን መርከብ ላይ ያሳፈረው የሱ ሳንባ መሆኑን አያውቅም። በእንዲህ ያለ ቀን ታክሲውን ትታ በእግሯ ቤት ትገባለች።

ዝግጅቱ አራት ወር ፈጀ። የመርከብ ጉዞው አዘጋጆች ለፎቶ አንሺዎች ብለው የላኩትን ጽሑፍ ጠረጴዛዋ ላይ ለጥፋ እየደጋገመች አነበበችው። ብርድ ባትሪ ስለሚገድል ትርፍ ባትሪ ብብት ሥር ይያዛል። ካሜራን ከብርድ ወደ ሙቀት ከማስገባት በፊት በላስቲክ ከረጢት ማሰር ያስፈልጋል፤ አለዚያ ሌንሱ ውስጡ ድረስ ያልበዋል። ስስ ጓንት ከውስጥ፣ ወፍራሙ ከላይ። እሷ ደግሞ ያነበበችውን ሳትሞክር የምታምን ሰው አይደለችም። የት እንደምትሞክረው ስታስብ «ብርዱ» የሚሉት ሰው ትዝ አላት።

ብርዱ እናቷ በጋራው ደረጃ ላይ የምታወራው የታችኛው ፎቅ ጎረቤት ነው። የሥጋና የዓሣ ቀዝቃዛ መጋዘን ኃላፊ ስለሆነ በበጋም ካፖርት ይዞ ይሄዳል፤ ቅጽል ስሙ የመጣው ከዚያ ነው። ጉዳዩን ነገረችው።

«ሰው ከኔ መጋዘን ለመውጣት ይለምነኛል እንጂ ለመግባት የለመነኝ አንቺ የመጀመሪያዋ ነሽ» አላት። «ቅዳሜ ነይ። በየአምስት ደቂቃው በሩን አንኳኳለሁ፤ መልሰሽ አንኳኪ። ካላንኳኳሽ እገባለሁ፤ ቀልድ የለም።»

የመጀመሪያው ቅዳሜ ጣቶቿ አሸነፏት፤ ቁልፉን መጫኗንም አለመጫኗንም ማወቅ አቅቷት ወጣች። በሁለተኛው ቅዳሜ ነጫጭ የዓሣ ሣጥኖችን ደርድራ እንደ በረዶ ቆጥራ አነሳቻቸው፤ ሁሉም አመድ መስለው ወጡ። ካሜራው ነጭ ሲበዛበት ይደነግጣል፤ ብርሃን መጨመር እንዳለባት እዚያው ተማረች። ደስ አላት። ለጥቂት ደቂቃ የመጣችበትን ነገር ረስታ፣ ፎቶ ማንሳት እንደምትወድ ሰው ብቻ ቆመች።

በሦስተኛው ቅዳሜ ረጅሙን ሌንስ ይዛ መጋዘኑ ጥግ ያለውን የሣጥን ቁልል ጫፍ አነጣጠረች። እንዳይንቀጠቀጥባት እንደ ልማዷ ትንፋሿን ያዘች። ከአፏ ይወጣ የነበረው እንፋሎት ቆመ። ያኔ ከሣጥኖቹ ወዲያ ትንፋሽ ሰማች። የማቀዝቀዣው ማራገቢያ ድምፅ አለ፤ እሱን ለይታ ታውቀዋለች። ይሄ ሌላ ነው። ይገባል፣ ይወጣል፤ ሲወጣ ትንሽ ይሻክራል። ከዚያ አሳለ። አንዴ። ሁለቴ። ሦስተኛው ታፈነ።

ካሜራውን ዝቅ አደረገችው። አልሮጠችም። ሃያ ሦስት ዓመት ሙሉ እንዲህ ያለ ጊዜ ቢመጣ ይቅርታ የምትለው ይመስላት ነበር። ከአፏ የወጣው ግን ቁጣ ነው።

«መድኃኒቱን ለምን አቆምከው?» አለች። «ምለህልኝ ነበር እኮ! አንተ! ለምን አቆምከው?»

በሩ ተንኳኳ። አልመለሰችም። እንደገና ተንኳኳ። ብርዱ ከባዱን በር በትከሻው ገፍቶ ሲገባ ፊቷን ወደ ሣጥኖቹ አዙራ ቆማ አገኛት፤ ጉንጯ ላይ እንባዋ ደርቆ ነጭ ሆኗል።

«ከማን ጋር ነው የምታወሪው?»

«ከዓሣዎቹ ጋር።»

«እህ። እና ምን አሉሽ?»

«ምንም።»

ካፖርቱን አውልቆ በካፖርቷ ላይ ደረበላትና ክንዷን ይዞ አወጣት። ከዚያ በኋላ ስለዚያ ቀን አንድም ቃል አንስቶባት አያውቅም። ግን አራተኛውን ቅዳሜ ስትጠይቀው «መጋዘኑ እድሳት ላይ ነው» አላት። እድሳት አልነበረም።

ከመነሻዋ አሥራ አንድ ቀን ሲቀር የመርከቧ ሐኪም የጤና ቅጽ ላከ። ከአምሳ ዓመት በላይ ለሆነ መንገደኛ የደረት ራጅ ይጠየቃል። ሠላሳ አንድ ዓመት ሰው ስታቆምበት የኖረችው ሰሌዳ ፊት ራሷ ቆመች፤ አገጯን አስደገፈች፤ ትከሻዋን ወደ ፊት ገፋች። ወጣቷ ከመስታወቱ ጀርባ ሆና የታላቋን ድምፅ እያስመሰለች፣

«ትንፋሽ ይሳቡ... ያዙ... እንዳይንቀሳቀሱ...» አለች።

ተንቀሳቀሰች። ለሁለተኛ ጊዜ ስትነሳም ተንቀሳቀሰች።

«እትዬ፣ እርስዎም እንዲህ ከሆኑማ በሽተኛ ላይ መቆጣት ይቅርብን!»

በሦስተኛው ተሳካ። አሁን ፊልም የለም፤ ምስሉ ወዲያው ስክሪኑ ላይ ይመጣል። ጥርት ያለ ሳንባ። ወጣቷ እያጨበጨበች «የሃያ ዓመት ልጅ ሳንባ!» ስትል እትዬ ያዙ ወንበር ፈልጋ ተቀመጠች። ያቺን ጥላ ስትፈልግ እንደነበር ያን ጊዜ ገባት። ብታገኛት ኖሮ ጉዞው ይቀር ነበር፤ ለማንም ምንም መናገር ሳያስፈልግም የምትከፍለው ነገር በተገኘ ነበር። አልተገኘም። ሳንባዋ ንጹሕ ነው።

«ምነው? ጥሩ ነው እኮ፤ ለምን ያለቅሳሉ?» አለቻት ወጣቷ ደንግጣ።

«ስለያዝኩ ነው» አለች። «ብዙ ስለያዝኩ።»

የዚያኑ ቀን ከሥራ ቀደም ብላ ወጣች። እናቷ መስኮቱ ሥር ተቀምጣ የሱፍ ኮፍያ ትሠራላት ነበር። ልጇ ወደ በረዶ የምትሄደው ወፍ ለማንሳት ብቻ እንዳልሆነ አውቃለች፤ የደሴቲቱን ስም መግለጫው ላይ አንብባ ለብቻዋ አልቅሳለች፤ «ስትሄጂ የመቃብሩን ፎቶ አንሺልኝ» ለማለትም ቀን እየጠበቀች ነበር። ልጅቷ ፊት ለፊቷ ወለሉ ላይ ተቀመጠች። ሁሉንም ነገረቻት። ጥላዋን፣ አናጢውን፣ ፖስታውን፣ ያልተዋጠውን መድኃኒት።

የእናትየው መርፌዎች ቆሙ።

«ስንት ቀን አሰብሽበት?» አለች።

«ሦስት ቀን።»

«እኔ ሃያ ሦስት ዓመት ያንን ካፒቴን ስረግም ኖርኩ። እሱን ብቻ አይደለም፤ ልጆቹንም ረግሜያለሁ። ልጅ ካለው እንደኔ አልቅሶ ይቅበር ብያለሁ።» ድምፅዋ ከፍ አላለም። «ምንም ያላጠፋ ሰው ነው ያስረገምሽኝ።»

«እማዬ...»

«ተነሽ። መብራቱን ጋርደሽብኛል።»

አሥራ አንድ ቀን አላነጋገረቻትም። ምግብ አብረው ይበላሉ፤ ጨው ስትፈልግ እጇን ትዘረጋለች እንጂ አቀብዪኝ አትልም። ኮፍያው ግማሹ ተሠርቶ ወንበሩ ላይ ቀረ። በመነሻዋ ቀን ታክሲው ታች ሆኖ ጥሩምባ ሲነፋ እናትየው ከክፍሏ ሳትወጣ «የመቃብሩን ፎቶ እንዳታመጪልኝ» አለች። በአሥራ አንድ ቀን የሰማቻት ብቸኛ ቃል ያ ነበር።

መርከቧ ውስጥ ዘጠና ሰው ነበር፤ አብዛኛው ጡረተኛ፣ አንገቱ ላይ ካሜራ ያንጠለጠለ። በስድስተኛው ቀን ደሴቲቱ ታየች። ያን ቀን ነፋሱ በረታ፤ የጎማ ጀልባዎቹ መውረድ ስለማይችሉ ማንም እንደማይወርድ በድምፅ ማጉያ ተነገረ። ሰዎቹ ትንሽ አጉረመረሙና ወደ ሙቁ ክፍል ተመለሱ። እትዬ ያዙ ግን አስጎብኚዋን ፈልጋ እጇን ያዘቻት።

«ወንድሜ እዚያ ነው» አለቻት። ለማታውቀው ሰው እንዲህ ስትል በሕይወቷ የመጀመሪያዋ ነው።

አስጎብኚዋ ወደ ካፒቴኑ ሄደች። ከሩብ ሰዓት በኋላ መርከቧ ቀስ ብላ ዞረች፤ መጠጋት እስከምትችለው ድረስ ተጠግታ ጎኗን ለደሴቲቱ ሰጥታ ቆመች። ሃያ ደቂቃ አላት ተባለች። ከብብቷ ሞቅ ያለውን ባትሪ አውጥታ ካሜራው ውስጥ ከተተች። በረጅሙ ሌንስ ውስጥ ጣሪያው የዛገ ቤት፣ የእንጨት አጥር፣ አጥሩ ውስጥ ደግሞ ግማሽ ድረስ በረዶ የዋጣቸው አጫጭር ምልክቶች አየች። አሥር ይሆናሉ፤ አሥራ ሁለት። የትኛው የሱ እንደሆነ የሚያነብ ዓይን ከዚያ ርቀት የለም። አነሳች፤ ደጋግማ አነሳች። ከዚያ ትንፋሿን ይዛ አዳመጠች።

ነፋስ ብቻ ነበር። ሌላ ምንም የለም። እስኪደነዝዛት ቆማ ጠበቀች፤ ማንም አላሳለም። ያ ሁሉ መንገድ መጥታ፣ ወንድሟ እዚያ እንደሌለ አወቀች።

ሥራ በተመለሰች በሁለተኛው ቀን፣ ከምሳ በኋላ፣ ባዶው ኮሪደር ላይ አሳለ። በሩን ከፍታ ወንበሩን አየችው። ከመዝጋት ይልቅ ወጥታ ጫፉ ላይ ተቀመጠች፤ ለሚቀመጥ ሰው ቦታ ትታ። በዚያው ሳምንት ለሆስፒታሉ ኃላፊ ያደረገችውን ሁሉ በጽሑፍ ሰጠች። ኃላፊው አንብቦ ወረቀቱን መልሶ አጠፈው። የዚያ ዘመን ፊልሞች ከተቃጠሉ አሥር ዓመት እንዳለፋቸው፣ የመርከብ ድርጅቱም እንደፈረሰ ነገራት። «ምን ላድርግዎት?» አላት፤ ቅጣት እየለመነችው እንደሆነ ገብቶታል፤ የሚሰጣት ግን አልነበረውም። ከወንድሟ ጋር አንድ ክፍል ያደሩ መርከበኞች ይኖሩ ይሆን፣ ታመው ይሆን፣ ያንን የሚነግራት ሰው አላገኘችም። ጡረታዋን ሁለት ዓመት አስቀድማ ወጣች።

እናቷ ቀስ በቀስ መናገር ጀምራ ነበር፤ መጀመሪያ ስለ ውሃ መቋረጥ፣ ከዚያ ስለ ብርዱ ሚስት። አንድ ጠዋት መነጽሯን እየጠረገች፣

«አምጪው እስቲ» አለች።

«ምኑን?»

«የሄድሽበትን።»

ፎቶውን አመጣችላት። እናትየው ወደ መስኮቱ አስጠግታ ለረጅም ጊዜ አየችው።

«የቱ ነው የሱ?»

«አላወቅኩም እማዬ። መውረድ አልቻልንም።»

እናትየው ጣቷን ከአጥሩ ጥግ፣ ከሌሎቹ ፈንጠር ብሎ በቆመ ጥቁር ነገር ላይ አሳረፈች። «ይሄ ነው። ብቻውን መሆን ይወድ ነበር።»

ልጅቷ ዝም ለማለት አፏን ገጠመች። ከዚያ ከፈተችው።

«እሱ ድንጋይ ነው እማዬ። አጉልቼ አይቼዋለሁ።»

እናትየው ቀና ብላ አየቻት። ከዚያ ወደ ፎቶው ተመለሰችና ጣቷን ሳታነሳ፣

«ምን ያህል ይበርዳል?» አለች።

«በጣም ይበርዳል።»

«ወፍ አለ?»

«አለ። ብዙ አለ። ድምፃቸው ከነፋሱ በላይ ይሰማል።»

«እሺ» አለች እናቷ። «እስቲ ወፎቹንም አሳዪኝ።»